ሁለት ሳቦችና አንድ ጉልበት

ቲራ ነገሩን የሰማችው ሽንት ቤት ተቀምጣ ነው። በአያቷ በማይብሪት ቤት ሽንት ቤቱንና ወጥ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ስስ ከመሆኑ የተነሳ ድንች ሲላጥ እንኳ ይሰማል፤ ስለዚህ አጎቷ ስቴላን ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ጆሮዋን ያቆመው ዝቅ ማድረጉ ራሱ ነበር። ጮክ ብሎ ቢያወራማ ማን ይሰማው ነበር? ስቴላን ጮክ ብሎ የሚያወራው ስለ ክረምት ጎማ ብቻ ነው።

«ሰውዬው ከምሳ በኋላ ከቦሮስ ይመጣል። አሮጌዋን መኪና ጭኖ ይሄዳል፤ አለቀ» አለ።

«ለእማዬስ ምን ልንላት ነው?» የቲራ እናት አኒካ ናት።

«ለቀለም ሄደች እንላታለና። አንድ ወር ሲያልፍ ትረሳታለች። ደግሞስ ዘጠኝ መቶዋን እንተውላት የለም እንዴ? አዲሷን! ከባድ ናት፣ ብትጋጭ እንደ ቆርቆሮ አትጨማደድም። ወንበሯ ራሱ ከሥር ያሞቃል፤ ለዚያ ለታመመ ጉልበቷ መድኃኒት ነው።»

ከዚያ የአይብ መላጫው አይቡ ላይ ሲንሸራተት ተሰማ። ቲራ ጨርሳም ቢሆን ውሃውን ሳትለቅ ቁጭ ብላ ቀረች።

«አዲሷ» የተባለችው መኪና ከቲራ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። በዚህ ቤት አዲስና አሮጌ የሚባለው እንዲህ ነው። በከተማቸው በትሮልሄታን ሳብ የተባለው መኪና ፋብሪካ ከተዘጋ ስንትና ስንት ዓመት ቢሆነውም ሰዉ ሳቡን እስካሁን የሚያየው እንደ ዘመድ ነው፤ የመኪናውን ልደት ኬክ ቆርሶ የሚያከብር ጎረቤት ሁሉ አለ። በማይብሪት ጋራዥ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። አሮጌዋ፣ በሞዴል ቁጥሯ ዘጠና ስድስት የምትባለው፣ ከፊት ሲያዩዋት የዋህ ጥንዚዛ፣ ከኋላ ሲያዩዋት እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ትመስላለች፤ ቀለሟ ሐሙስ ሐሙስ የሚበላው የአተር ሾርባ ነው። የማርሽ እጀታዋ መሪው አጠገብ ነው፣ ስትነሳ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ውስጧ ቤንዚንና እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ዘጠኝ መቶዋ ደግሞ ከእሷ አሥራ ስምንት ዓመት ዘግይታ የመጣች ጥቁር እመቤት ናት፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ የፊት መስታወቷ እንደ አውሮፕላን የታጠፈ። ቁልፏ እንኳ እንደ ሰው መኪና መሪው ሥር አይገባም፤ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ነው የሚገባው፣ ያውም የኋላ ማርሽ ካላስገቡ አልወጣም ብሎ የሚኮራ ቁልፍ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ቲራ የምትወደው ጥቁሯን ነው። የአተር ሾርባ እየነዱ ቅዳሜ ማታ ፒዛ ቤቱ ፊት ለፊት ቢቆሙ ማን ዞር ብሎ ያያል? በጥቁሯ ቢሆን ግን ትምህርት ቤቱ በሙሉ አንገቱ ይቀጭ ነበር።

ስትወጣ ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። እናቷ ክንዷን አጣምራለች፤ ስቴላን በካልሲው ቀዳዳ የወጣውን አውራ ጣቱን ያንቀሳቅሳል። ጫማ በር ላይ በሚወለቅበት አገር ካልሲህን ሳታይ ትልቅ ሰው መሆን አይቻልም።

«ሰምተሻል» አለች አኒካ።

«ሽንት ቤት ስገባ ጆሮዬን ደጅ ላስቀምጠው እንዴ?»

«አፍሽንም እዚያው አስቀምጪልን» አለ ስቴላን። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ሻጭ ሻጭ ይሸታል። «ስሚ ቲራዬ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላሽ ጥቁሯ ያንቺ ናት። እስከዚያ አያትሽ ትነዳታለች፣ እኔም በጋ በጋ እዋሳታለሁ።»

«የኔ? የእውነት የኔ?»

«እናትሽ ምስክር ናት።»

አኒካ ምስክር ለመሆን አልቸኮለችም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቷን የሶልቬን ፎቶ ታቃናለች። ሶልቬ የሞተው ባለፈው ክረምት ነው። ፎቶው ላይ የጥቁሯን ጣሪያ እንደ ፈረስ ጀርባ ተደግፎ ቆሟል። «ለእሷ ብለን ነው» አለች አኒካ ለፎቶው። «በዚያች ቆርቆሮ ስትሄድ ልቤ አያርፍም። የቤቱ መስኮት ሁሉ ደግሞ በገንዘቡ መቀየር አለበት።» ቲራ ልትመልስላት ብዙ ነገር መጣላት፤ ግን ጥቁሯ መኪና በጭንቅላቷ ውስጥ ተነስታ ፒዛ ቤቱ ጋ ደርሳ ነበር።

ምሳ ላይ ኮምጣጤ የጠጣ ዓሣ፣ አዲስ ድንችና ከጓሮ የተቀነጠሰ ድንብላል የመሰለ ቅጠል ነበር። ማይብሪት ሳህኑን ይዛ መጣችና ስትቀመጥ አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ ተክላ፣ መጀመሪያ በቀኝ ጎኗ፣ ከዚያ በግራዋ፣ መርከብ ወደብ እንደሚጠጋ ቀስ ብላ አረፈች። ለግራ ጉልበቷ የቀዶ ጥገና ወረፋ መጠበቅ ከጀመረች ቆይቷል፤ በደወሉላት ቁጥር ወረፋው ወደ ኋላ ይሸሻል። ስትቀመጥ ያያት የለም። ስቴላን ስለ ድንቹ ጠየቀ፤ ኪሎው አርባ ክሮነር መግባቱን ማይብሪት ነገረችው፤ አኒካ «አይ ጊዜ» አለች፤ ስቴላን «ግን ጥሩ ድንች ነው» አለ፤ ማይብሪት «አዎ፣ ጥሩ ነው» አለች፤ ከዚያ ሹካ ብቻ ያወራ ጀመር። በዚህ ቤተሰብ ከባድ ነገር ሲኖር ድንች ይመሰገናል። ማይብሪት አይቡን አነሳችና ስቴላን በአንድ በኩል ብቻ ልጦ ልጦ የበረዶ መንሸራተቻ ቁልቁለት እንዳስመሰለው አየች። ተንፍሳ መልሳ አስቀመጠችው።

«ዛሬ የቢንጎ ጨዋታ አለ» አለች።

«ዛሬ እንኳ ቅሪ እማዬ፤ ዝናብ ይመጣል» አለ ስቴላን ቶሎ ብሎ።

«መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጫወተው። ዝናቡን ምን አገባው?»

«ቅሪ አልኩሽ። አብረን እንዋል።»

ማይብሪት ልጇን አየችው። ስቴላን እናቱ ቤት አብሮ ለመዋል ፈልጎ የሚያውቀው ኩፍኝ የወጣበት ጊዜ ነው። ቲራ ሳህኗ ላይ ያለውን የመጨረሻ ድንች ቆርጣ፣ ግማሹን ደግሞ ቆርጣ፣ የግማሹን ግማሽ ቆርጣ ሹካዋን አስቀመጠች። ጥቁር መኪና ከድንች ጋር አይበላም ብሎ ማን ነገራት?

ከምሳ በኋላ ስቴላን ሶፋው ላይ ተጋድሞ ዓይኑን ጨፈነ፤ አኒካ ሳህን ታጥባለች። ማይብሪት ጋራዥ ገብታ የዘጠና ስድስቷን መስታወት በጋዜጣ ስትወለውል ቲራ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«እማማ፣ ይህችን ሊሸጧት ነው።»

የማይብሪት እጅ አልቆመም። «እነማን?»

«አጎቴ። እማዬም አለችበት። ከቦሮስ ሰው እየመጣ ነው። ላንቺ ለቀለም ሄደች ሊሉሽ ነው። ይህቺ ቆርቆሮ ናት አሉ፣ በገንዘቡ የቤቱን መስኮት ሊቀይሩ ነው። ወንበሯ የሚያሞቀውን ጥቁሯን ይተዉልሻል፤ አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ደግሞ ለኔ ሊሰጡኝ ነው።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። የመጨረሻዋን ብትውጣት ይሻላት ነበር፤ ግን የቲራ አፍ አንዴ ከተከፈተ እንኳን እሷ ፖሊስም አይዘጋው።

«ላንቺ?»

«ለኔ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ድንች በላሁ።»

ማይብሪት ጋዜጣውን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። የተቆጣች አትመስልም፤ ፊቷ ላይ ያለው አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ፊት ነው። «ነይ፣ የጥቁሯን በር ክፈቺልኝ» አለች። ገብታ መሪው ፊት ተቀመጠችና ግራ እግሯን ፍሪሲዮኑ ላይ አደረገች። «አሁን እይ።» ረገጠችው። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ሲወርድ ከንፈሯ ነጣ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ፣ ከዚያ እግሯ ተንሸራቶ ፔዳሉ ጠብ ብሎ ተመለሰ። ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሶልቬ ከሞተ ወዲህ ሞክሬያታለሁ። መብራት ላይ ጠፍታብኝ፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክሱን እያስጮኸ፣ አልቅሼ ነው ወደ ቤት የመለስኳት። የሚተውልኝ ይህችን ነው። ወንበሯ ያሞቃል አለሽ?»

«ለጉልበትሽ መድኃኒት ነው አለ።»

«ሐኪም ሳልወልድ ቀረሁ ስል!»

«ያቺኛዋስ ፍሪሲዮን የላትም እንዴ?»

«አላት። ግን ያቺ እንደ ሳይክል ናት። ፔዳል መርገጥ ስታቆሚ ጎማው ዝም ብሎ ይዞር የለም? እሷም እንደዚያው ናት። እግሬን ከነዳጁ ላይ ባነሳሁ ቁጥር ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፤ ያኔ ማርሹን በእጄ ብቻ ቀይሬ እሄዳለሁ። ፍሪሲዮን የምረግጠው ስነሳና ስቆም ነው። ያቺን ያህል ችዬ እረግጣለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«እግሬ እንዲህ ሆኗል ብል ሁለቱንም ቁልፍ ነው የሚቀበሉኝ። አንቺ ልጅ፣ መንዳት ከቀረብኝ እኔ እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰው ውሻ ስቆጥር ልውል ነው።» ከጥቁሯ ወረደችና የዘጠና ስድስቷን ቁልፍ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት አነሳች። «ግቢ። ቢንጎው ይጀምራል።»

«ሰውዬውስ?»

«ሰውዬውን እኔ አልጠራሁት።»

ዘጠና ስድስቷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ስቴላን ከሶፋው ተወርውሮ ተነሳ፤ ቲራ በኋላ መስታወቱ በካልሲው ደጅ ሲወጣ አየችው። እጇን አወዛወዘችለት። ለምን እንዳወዛወዘች እሷም አታውቅም፤ ደስ አላት፣ በቃ።

የመኪና ቢንጎ የሚካሄደው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የእግር ኳስ ክለቡ ሜዳ አጠገብ ባለው ሣር ላይ ነው። መኪኖቹ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ተሰልፈው ይቆማሉ፤ በየመኪናው ውስጥ ካርዳቸውን መሪው ላይ ዘርግተው፣ ዳቦ በቀረፋ እየበሉ፣ በድምፅ ማጉያ የሚጠራውን ቁጥር የሚሰርዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። ረድፍ የሞላለት ክላክሱን ይነፋል። ከዚያ ውጪ ክላክስ የሚነካ የለም። ቁጥር ሲጠራ የሚያስል ሰው እንኳ አፉን በመሐረብ ይዞ ነው የሚያስለው። ባለ ቢጫ ሰደርያዋ ኡላካሪን በመስኮት ካርድ ሸጠችላቸውና «የዛሬው ትልቁ ዕጣ ሙሉ የአሳማ ጭን ነው» ብላ አለፈች።

ጨዋታው ሲጋጋል ጥቁሯ ዘጠኝ መቶ በሣሩ ላይ እየተወናጨፈች መጣች፤ ከኋላዋ መኪና መጫኛ ተጎታች ያሰረ ቫን አለ። ስቴላን ዘሎ ወረደና ወደ ዘጠና ስድስቷ ሮጠ። አፉን ከመክፈቱ በፊት ከየመስኮቱ «እሽሽሽ!» ተባለ። ሰውነቱን አጥፎ ቲራን ወደ ኋላ ወንበር አሳለፋትና ከፊት ከእናቱ ጎን ገባ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«አርባ አንድን እየሰረዝኩ።»

«ሰውዬው ከቦሮስ ድረስ ነው የመጣው!»

«ይምጣ። ካርድ ይግዛ።»

«ሁሉን ነገር ላንቺ ብዬ ነው። ይህች መኪና አንድ ቀን ትገድልሻለች። ለራስሽ አታስቢም?»

«ለራሴ ነው የማስበው። ለኔ የሚያስብልኝ ስለበዛ ነው ለራሴ ማሰብ ያስፈለገኝ። ዝም በል፣ ስድስት አለፈኝ።»

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«አልሰጥም።»

ስቴላን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ብስኩት እንደተከለከለ ልጅ እጁን ወረወረ። ማይብሪት እጁን በካርዷ መታችው፤ ሲሸሽ ክርኑ መሪው መሐል ላይ አረፈ። የዘጠና ስድስቷ ክላክስ ትንሽ አይደለም። ሜዳውን ሙሉ ሞላው።

«ቢንጎ ተነፍቷል!» አለ ድምፅ ማጉያው። «ሁሉም ይቁም!»

መቶ እርሳስ ባንዴ ቆመ። ኡላካሪን እየሮጠች መጣች፤ ከጎን ያሉት መስኮቶች ሁሉ ወረዱ። የውሸት ቢንጎ መንፋት በዚህ ሜዳ ከስርቆት የሚቀጥል ነውር ነው፤ የነፋ ሰው ዓመት ሙሉ ሱቅ ውስጥ ይሳቅበታል። ስቴላን ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ፣ ጆሮው ቲማቲም መሰለ። «ካርዱ ሞልቷል በያት፣ ተሳስተን ነው በያት» አለ ሳይተነፍስ።

ማይብሪት መስኮቷን እስከ ታች አወረደች።

«ኡላካሪን፣ እኔ ምንም አልሞላልኝም። ልጄ ነው። መኪናዬን ከሥሬ ሊሸጥ መጥቶ ሲታገለኝ ክርኑ ነፋው።» የተናገረችው ጮክ ብላ ነው፤ በሜዳው ዳር ያለው መስማት የተሳነው ሽማግሌ እንኳ ሚስቱ ሳትደግምለት ገባው።

«ስቴላን?» አለች ከጎናቸው ያለች አሮጊት ዳቦዋን ይዛ። «አንተ የሶልቬ ልጅ አይደለህም? ያኔ ቀይ ከረሜላ የሰረቅከው?»

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ስቴላን።

«ቢንጎ የለም» አለ ድምፅ ማጉያው በኀዘን። «አጭር ዕረፍት እናደርጋለን።»

በዕረፍቱ የቦሮሱ ሰውዬ መጣ። ቀጭን፣ ኮፍያውን በእጁ የያዘ፣ ዘጠና ስድስቷን እንደ ሙሽራ በዓይኑ የዞራት ሰው ነው። «ይቅርታ እመቤቴ» አለ። «የሟች አባት መኪና ናት ተብዬ ነበር።»

«የሞተው የዚያች የጥቁሯ ጌታ ነው። ይህችን የገዛኋት እኔ ነኝ፤ ሳላገባ፣ ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ወንበር እየሰፋሁ። ሶልቬ አንድ ቀን ነድቷት አያውቅም፤ ጭንቅላቱ ጣሪያውን ይነካበት ነበር።»

ሰውዬው ስቴላንን አየ። ስቴላን ሣሩን አየ። «እኔ ሰው የተቀመጠባትን መኪና አልገዛም» አለ ሰውዬው፤ ኮፍያውን አጠለቀና መሄድ ጀመረ።

«ቆይ» አለች ማይብሪት። «ተጎታችህን ባዶውን ነው የምትመልሰው? ጥቁሯን አየሃት?»

«እማዬ!» አለ ስቴላን፤ አሁን ሹክሹክታው ጠፍቶታል። «እሷማ የአባዬ ናት!»

«የአባትህ ነበረች። አሁን የኔ ናት፣ እኔ ደግሞ አልችላትም። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ ‹በዚህች እግርሽ ፍሪሲዮኗ ይረገጥልሻል ወይ› ብለህ ጠይቀኸኛል? ስለ መስኮት አስበሃል፣ ስለ ቆርቆሮ አስበሃል። የኔን ጉልበት ያሰብከው ለማሞቅ ነው።» ከዚያ ዞር ብላ የኋላውን ወንበር አየች። «ቲራ፣ ላንቺ የታሰበችውን ነው የምሸጠው። ቅር ይልሻል?»

ቲራ ‹አይለኝም› ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው። «በጣም።»

«ይበልሽ። ልሽጣት?»

ፒዛ ቤቱ፣ የሚቀጭ አንገት ሁሉ፣ ያ ረጅም ጥቁር አፍንጫ በዓይኗ መጣ። ጋራዥ ውስጥ የነጣው የአያቷ ከንፈርም መጣ። «ሽጫት» አለች፤ ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ጮክ ብላ። «ግን በደንብ አስከፍዪው።»

ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ቁልፉን ለማምጣት የሄደው ስቴላን ጥቁሯ ውስጥ ገብቶ ይጎትታል፣ ቁልፉ አይወጣም፤ ይሳደባል፣ አይወጣም። ቲራ ሄዳ በሩን ከፈተችና «ውጣ አጎቴ» አለችው። እሷ ተቀመጠች። በታጠፈው መስታወት ሜዳውን፣ ሰልፉን፣ ዳቦ የሚበሉትን አሮጊቶች አየች፤ መሪውን አንድ ጊዜ በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ የኋላ ማርሹን አስገብታ ቁልፉን መዘዘችና ለቦሮሱ ሰውዬ ራሷ ሰጠችው። «ስትቀዘቅዝ ትነጫነጫለች፤ አትቆጣት» አለችው። ሰውዬው የምሩን ራሱን ነቀነቀ።

ጥቁሯ ተጎታቹ ላይ ወጥታ ስትሄድ ዝናቡ መጣ። አሁን ስቴላን የሚመለስበት መኪና የለውም። እያመነታ የዘጠና ስድስቷን በር ከፈተ፤ ከፊት ቲራ ካርዷን ዘርግታ ተቀምጣለች፣ አልተነሳችለትም። ከኋላ ገብቶ ጉልበቱን አገጩ ላይ አጥፎ ተቀመጠ። የመጨረሻው ጨዋታ አለቀ፤ የአሳማውን ጭን የከረሜላውን ነገር ያነሳችው አሮጊት ወሰደችው። መኪኖቹ አንድ በአንድ ከሜዳው ይወጡ ጀመር።

ማይብሪት ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ ተነሱ። ዋናው መንገድ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ገባ። ሦስተኛ ገባ። ዝናብ ጠራጊው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ድንች የሚያመሰግን እንኳ ጠፋ።

«እማዬ» አለ ስቴላን ከኋላ። ድምፁ ጮክም ዝቅም አላለም። «አሁን ማርሽ ስትቀይሪ ፍሪሲዮኑን የረገጥሽው መቼ ነው?»

«ለምን ትጠይቀኛለህ? ጎንበስ በልና እግሬን እይ።»

ስቴላን በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቱን አስገብቶ አጎነበሰ። ማይብሪት ቀኝ እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሳች፤ እጀታውን በእጇ ወደ አራተኛ ወረወረችው፤ መኪናዋ ቅር ሳይላት ሄደች። ግራ እግሯ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ፣ ጫማው ትንሽ ላላ ብሎለት፣ ዝም ብሎ አርፏል። የጉልበቷ እብጠት በሱሪዋ ላይ ይታያል። ስቴላን ብዙ ቆየ፤ ቀና አላለም።

«አየህ?»

«አየሁ እማዬ።»

«እንግዲያው ቀና በል፤ የኋላ መስታወቴን ጋርደኸዋል።»